ሦስት ፔንስ አይደለም ያሳመፃቸው!

(ይህ ጽሑፍ በአንድ የንባብ ክበብ የውይይት ምሽት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት ቦታ ከማሳጠሬ በቀር እንዳለ ቀርቧል። የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)



አዘጋጆቹ «አሜሪካኖች በእንግሊዝ ላይ ለምን እንዳመፁ ንገረን» ሲሉኝ መጀመሪያ ያልኩት «እኔን ነው?» ነው። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ያገኘሁትን አንብቤ፣ ያነበብኩትን ጽፌ፣ በጻፍኩት ልክ ተከፍሎኝ የምኖር ጋዜጠኛ ነኝ። እነሱ ግን «ምሁሩማ በእንግሊዝኛ ይነግረናል፤ አንተ በአማርኛ ንገረን» አሉኝ። በዚህ ተረትቼ መጣሁ።

እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው። ለምን አመፁ? ትምህርት ቤት የተማርነው መልስ በሁለት ቃል ያልቃል፤ «ግብር በዛባቸው» ነው። አጭር መልስ ነው፤ ለፈተናም ይመቻል። መዝገቡን ገለጥ ስታደርጉት ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

በ1764 የእንግሊዝ ፓርላማ ወደ ቅኝ ግዛቶቹ በሚገባ የውጭ ሞላሰስ ላይ የነበረውን ቀረጥ በጋሎን ከ6 ፔንስ ወደ 3 ፔንስ ቀነሰው። ቀነሰው ነው የምላችሁ! ሰዎቹ ግን ጮኹ። በ1773 ደግሞ ያው ፓርላማ ባወጣው ሕግ ምክንያት ሻይ ረከሰ። የቦስተን ሰዎች ርካሹን ሻይ ባሕር ውስጥ ደፉት። እዚያው እንግሊዝ አገር የሚኖረው እንግሊዛዊ ደግሞ ከቦስተኑ ነዋሪ እጅግ የበለጠ ግብር ይከፍል ነበር።

ታዲያ ቀረጥ ተቀንሶለት የሚጮህ፣ ርካሽ ሻይ መጥቶለት የሚደፋ ሕዝብ ምን ነክቶት ነው?

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ሰዎቹ ያመፁት ኪሳቸው ስለተነካ ብቻ አይደለም። «ማን ጠየቀኝ?» ብለው ነው። ይህችን ጥያቄ ይዘው ከ10 ዓመት በላይ ደጅ ጠኑ። የተሰጣቸው መልስ አንዳንዴ ዝምታ፣ አንዳንዴ ስድብ፣ አንዳንዴም ወታደር ሆነ። አመፁን የወለደው ይኼ መልስ ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የዚህ ማስረጃ ነው።

ሹመቱ ከለንደን፣ እንጀራው ከእነሱ

እንግሊዞች ቨርጂኒያ ውስጥ ጄምስታውን የሰፈሩት በ1607 ነው። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1619፣ እዚያው ቨርጂኒያ ተወካዮቻቸውን መርጠው ሸንጎ ተቀመጡ። እየቆየ 13ቱም ቅኝ ግዛቶች የየራሳቸው ምክር ቤት ኖራቸው። መራጩ በአብዛኛው ንብረት ያለው ነጭ ወንድ ነው፤ ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እመለሳለሁ።

በአብዛኞቹ ቅኝ ግዛቶች አገረ ገዥውን የሚሾመው የለንደኑ ንጉሥ ነው። ደመወዙን የሚመድብለት ግን ብዙ ጊዜ የነዋሪዎቹ ምክር ቤት ነበር። ነገሩ ገብቷችኋል አይደል? ሹመቱ ከለንደን፣ እንጀራው ከእነሱ! አገረ ገዥው ካስቸገረ ደመወዙ ይዘገያል። ይህ ልማድ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሠራበት ቆይቶ መብት ሆኗል።

ለእኛ ለጋዜጣ ሰዎች የምትጣፍጥ አንዲት ታሪክም አለች። ኒው ዮርክ ውስጥ ጆን ፒተር ዜንገር የሚባል አታሚ ነበር። አገረ ገዥውን የሚነቅፍ ጋዜጣ አትመሃል ተብሎ በ1734 ታሰረ። ወራት ታስሮ ሲከርም ሚስቱ አና ጋዜጣውን አላቋረጠችም። በ1735 ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከፊላደልፊያ የመጣው ጠበቃ አንድሩ ሃሚልተን «አዎን፣ አትሟል፤ የታተመው ግን እውነት ነው» ብሎ ተከራከረ። በሕጉ መሠረት እውነት መሆኑ መከላከያ አልነበረም። ከሕዝብ የተመረጡት 12 ፈራጆች ግን «ጥፋተኛ አይደለም» ብለው ለቀቁት። ይህ የሆነው ከአመፁ 40 ዓመት በፊት ነው። ለንደን በኋላ «እኛ ያልናችሁን ብቻ አድርጉ» ያለችው እንዲህ ለለመደ ሕዝብ ነው።

ጦርነቱ አለቀ፤ ሒሳቡ መጣ

ከ1754 እስከ 1763 እንግሊዝና ፈረንሳይ በአሜሪካ ምድር ተዋጉ። እንግሊዝ አሸነፈች፤ ካናዳንም ወሰደች። ድሉ ግን በብድር ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ የመንግሥቱ ዕዳ ወደ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠግቷል። በዚያ ላይ አዲሱን ግዛት ለመጠበቅ 10,000 ያህል ወታደር አሜሪካ ይቀመጥ ተባለ። ይህ ሁሉ ከየት ይከፈል?

ፍትሐዊ እንሁንና የለንደንን ክርክር እንስማ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ግሬንቪል የሚለው «ፈረንሳይን ከጓሯችሁ ያባረርንላችሁ እኛ ነን፤ ወጪውን ትንሽ አግዙን» ነው። ክፉ ነገር አይደለም። ነዋሪዎቹ ደግሞ «እኛስ ከጎናችሁ አልሞትንም እንዴ? ደግሞ ፈረንሳይ ከሄደ በኋላ ይህ ሁሉ ወታደር ማንን ሊጠብቅ ነው? እኛን?» አሉ።

የመሬት ነገርም አለበት። በኦክቶበር 1763 ንጉሡ ከአፓላችያን ተራሮች ወዲያ ማንም እንዳይሰፍር በአዋጅ ከለከለ። ለንደን ከአገሬው ተወላጆች ጋር አዲስ ጦርነት አልፈለገችም። ያንን መሬት ሲያዩ ምራቃቸውን ሲውጡ የነበሩት ሰፋሪዎችና የመሬት ነጋዴዎች ግን ተቆጡ። ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ ያን መሬት ከሚፈልጉት አንዱ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ለነፃነት ሲል ብቻ ተነሳ ብዬ አላታልላችሁም።

የሞላሰሱ ቀረጥስ ተቀንሶ ለምን አስጮኸ? የድሮው 6 ፔንስ በወረቀት ላይ የነበረ ነው፤ በኮንትሮባንድና በጉቦ ስለሚታለፍ የሚከፍለው ጥቂት ነበር። አዲሱ 3 ፔንስ ግን ሊሰበሰብ የመጣ ነው። የተያዘ ነጋዴ ደግሞ በአገሩ ሰው ፊት መዳኘቱ ቀርቶ፣ አንድ የባሕር ፍርድ ቤት ዳኛ ብቻውን እንዲፈርድበት መንገድ ተከፈተ። ዜንገርን ነፃ ያወጡትን 12 ሰዎች አስታውሱ። ሕጉ የሸሸው እነሱን ነው!

የቴምብሩ ነገር

በማርች 1765 ፓርላማው የቴምብር ሕግ አወጣ። እኛም አገር ውል ስንዋዋል የቴምብር ቀረጥ እንከፍላለን፤ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የእነሱ ግን ያልነካው የለም። የፍርድ ቤት ሰነድ፣ ውል፣ የመጠጥ ቤት ፈቃድ፣ የዘመን መቁጠሪያ፣ ካርታ መጫወቻ ሳይቀር ታክሶበታል። ከኮሌጅ ለተመረቀ ሰው የሚሰጥ ዲግሪ 2 ፓውንድ ተጥሎበታል። እኔም ይህችን ዲፕሎማዬን ለማውጣት መበደር ነበረብኝ ማለት ነው!

ከሁሉ የባሰው ጋዜጣ ላይ ያረፈው ነው። እያንዳንዱ ቅጂ እንደ ወረቀቱ ስፋት እስከ 1 ፔኒ፣ እያንዳንዱ ማስታወቂያ 2 ሺሊንግ ይክፈል ተባለ። ማህተም ያለበት ወረቀትም ከለንደን መምጣት አለበት። የወረቀት ዋጋ ሲጨምር ሆዱ የሚንቦጫቦጭ የጋዜጣ ሰው ካለ ይህ ስሜት ይገባዋል። ጠበቃን፣ አታሚን፣ ነጋዴንና ጠጅ ቤትን በአንድ ቀን ማስቀየም ምን ይሉታል? እነዚህ እኮ አገር ሙሉ ወሬ የሚያደርሱ ሰዎች ናቸው! ሕጉ ሊጸና አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኦክቶበር 31፣ ፊላደልፊያ የሚታተመው የዊልያም ብራድፎርድ ጋዜጣ የፊት ገጹን የመቃብር ድንጋይ አስመስሎ፣ ቴምብሩ በሚለጠፍበት ቦታ የራስ ቅል ሥሎ ወጣ። ጋዜጣው የራሱን ሞት አረዳ ማለት ነው።

ቦስተን ላይ ሕዝቡ የቴምብር ሻጭ ይሆናል የተባለውን ሰው ምስል ሠርቶ ዛፍ ላይ ሰቀለ። ከቀናት በኋላ ደግሞ የምክትል አገረ ገዥውን የቶማስ ሃቺንሰንን ቤት ግንቡ እስኪቀር ዘረፉት። ይህን የማነሳው ሊደበቅ ስለማይገባ ነው። ሃቺንሰን እንዲያውም ሕጉን በውስጥ የተቃወመ ሰው ነበር። የተቆጣ ሕዝብ ማጣራት አያውቅም።

በዚያው ኦክቶበር ግን የ9 ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ኒው ዮርክ ተሰብስበው፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ለንጉሡና ለፓርላማው አቤቱታ ጻፉ። «ተወካያችን በሌለበት ምክር ቤት ግብር አይጣልብን» የሚል ነው። የለንደን መልስ ምን ነበር? «በሐሳብ ተወክላችኋል» አሏቸው። የፓርላማ አባል የመረጠውን ብቻ ሳይሆን የግዛቱን ሕዝብ ሁሉ ይወክላል ነው ክርክሩ። እንደ ማንቸስተርና በርሚንግሃም ያሉ ከተሞችም ተመራጭ የላቸውም፤ ግብር ግን ይከፍላሉ ተባለ። ኦልድ ሳረም የሚባል ሰው የማይኖርበት ኮረብታ ደግሞ 2 የፓርላማ አባላት ነበሩት! በሽታን በበሽታ ማስረዳት ይሉታል ይኼ ነው።

ሰጥቶ መንሳት

አቤቱታው ያላመጣውን አድማ አመጣው። ነዋሪዎቹ የእንግሊዝ ዕቃ አንገዛም አሉ። የለንደን ነጋዴዎች ራሳቸው ፓርላማውን ለመኑ። ቤንጃሚን ፍራንክሊንም ፓርላማ ቀርቦ ሲጠየቅ፣ ከ1763 በፊት ሕዝቡ ለእንግሊዝ የነበረው ፍቅር ወደር እንዳልነበረው አስረዳ። በማርች 18 ቀን 1766 የቴምብሩ ሕግ ተሰረዘ። አሜሪካ ደወል ደወለች፣ ጧፍ አበራች፣ ለንጉሡ ጤና ጠጣች።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። ግን በዚያው ዕለት ፓርላማው ሌላ ሕግ አወጣ። ፓርላማው በማናቸውም ጉዳይ ላይ ቅኝ ግዛቶችን የሚያስገድድ ሕግ የማውጣት ሙሉ ሥልጣን አለኝ ይላል። ቴምብሩን አነሳሁ፤ ጅራፉን ግን አላስቀመጥኩም ማለት ነው። ሲጨፍር የነበረው ሕዝብ ይህን ወረቀት ልብ ብሎ ያነበበው ቆይቶ ነው።

ዳኛው የማን ነው?

ዓመት አለፍ እንዳለ ጅራፉ ተነሳ። በ1767 በመስታወት፣ በእርሳስ፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ ቀረጥ ተጣለ። መጠኑ የሚያስለቅስ አይደለም። የሚያስለቅሰው የገንዘቡ መድረሻ ነው። ከሚሰበሰበው ውስጥ የአገረ ገዥዎችና የዳኞች ደመወዝ ይከፈላል ተባለ። ቅድም ያልኳችሁን አስታውሱ። የሹሙ እንጀራ ከሕዝቡ እጅ ሊወጣ ነው! ደመወዙ ከላይ የሚመጣለት ዳኛ ወደ ማን ያያል? ወደ ላይ ነዋ!

ጆን ዲክንሰን የተባለ የሕግ ሰው ራሱን «ገበሬ» ብሎ 12 ደብዳቤዎች በጋዜጣ ላይ አወጣ። የሱ ነጥብ ቀረጡ ትንሽ መሆኑ ነው አደጋው የሚል ነው፤ ትንሿን ዝም ብሎ የዋጠ ትልቁን ለመትፋት አፍ አይኖረውም። እኛ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የምንለውን እነሱ ገደሉን አይተው ሳሩን እምቢ አሉ ማለት ነው።

በ1768 የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ለሌሎቹ ቅኝ ግዛቶች «አብረን አቤት እንበል» የሚል ደብዳቤ ላከ። ከለንደን ትእዛዝ መጣ፤ ደብዳቤውን ሰርዙ፣ አለዚያ ምክር ቤቱ ይበተናል። ድምፅ ተሰጠ፤ 92 ለ17። አንሰርዝም! ተበተኑ። ደብዳቤ መጻፍ ወንጀል የሆነው ያን ጊዜ ነው። በኦክቶበር ወር የእንግሊዝ ወታደር ቦስተን ከተማ ገባ።

ወታደርና ሥራ የሚፈልግ ወጣት በአንድ ጠባብ ከተማ ሲጋፉ ምን ይሆናል? በማርች 5 ቀን 1770 ማታ፣ የሚሰድብና በረዶ የሚወረውር ሕዝብ ላይ ወታደሮች ተኮሱ። 5 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዱ አባቱም እናቱም ነጭ ያልነበሩት፣ የአፍሪካና የአገሬው ተወላጅ ደም የነበረው ክሪስፐስ አታክስ ነው። የሚገርመው፣ በዚያኑ ዕለት ለንደን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ኖርዝ ቀረጦቹ ከሻዩ በቀር ይሰረዙ ብሎ ለፓርላማው ያቀርብ ነበር። ወሬ በመርከብ በሚሄድበት ዘመን ሁለቱም ወገን የሌላውን ሳያውቅ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ልብ በሉልኝ። ወታደሮቹ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ጠበቃ ሆኖ የቆመላቸው ከተቃዋሚዎቹ ወገን የሆነው፣ በኋላ ሁለተኛው ፕሬዚደንት የሆነው፣ ጆን አዳምስ ነው! መኮንኑና 6 ወታደሮች ነፃ ወጡ፤ ሁለቱ በሰው መግደል ተቀጡ። ወታደሩም ከከተማው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለሦስት ዓመት ያህል አገሩ ጋብ አለ። አያችሁ? ሰው የሚያምነው ችሎት ሲኖር ቁጣም ይበርዳል። አመፁ ግድ አልነበረም የምለው ለዚህ ነው።

ርካሹ ሻይ

በሻይ ላይ ግን በፓውንድ 3 ፔንስ ቀረጡ እንዲቆይ ተደረገ። ለገንዘቡ ሳይሆን «መብት አለን» ለማለት ነው። በ1773 የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መጋዘኑ ባልተሸጠ ሻይ ታጭቆ ሊከስር ደረሰ። ፓርላማው ኩባንያውን ለማዳን ሻዩን በቀጥታ ወደ አሜሪካ በርካሽ እንዲልክ፣ በመረጣቸው ወኪሎችም በኩል እንዲሸጥ ፈቀደለት። 3 ፔንሷ ግን አለች። ቦስተን ላይ ከተመረጡት ወኪሎች ሁለቱ፣ በዚያን ጊዜ ዋናው አገረ ገዥ የሆነው የሃቺንሰን ልጆች ነበሩ። ይህን የሰማ ነጋዴ ምን እንደሚል መገመት አያቅታችሁም። ከተቆጡት መካከል የሆላንድ ሻይ በኮንትሮባንድ የሚያስገቡም እንደነበሩበት አልክድም።

ፊላደልፊያ የደረሰው የሻይ መርከብ ሳያራግፍ ተመለሰ። የቦስተኖቹም የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ መርከቦቹ እንደ መጡ ይመለሱ። ሃቺንሰን ቀረጡ ሳይከፈል አይወጡም አለ። በዲሴምበር 16 ወደ 5,000 ሰው አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥና ዙሪያ ተሰብስቦ፣ የአንዱን መርከብ ባለቤት ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አገረ ገዥው ላከው። እስከ ምሽት ጠበቁት። መልሱ «አይሆንም» ሆነ። ያን ማታ 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ገባ። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ይለምኑ እንደነበር ግን ልብ በሉ።

ደጅ ጠኚው ሰውዬ

አሁን ለንደን እንሂድ። ፍራንክሊን የማሳቹሴትስ ወኪል ሆኖ ለዓመታት ደጅ ሲጠና የኖረ ሰው ነው። በንጉሡ ሥር የፖስታ ሹም ነበር፤ የግዛቱን አንድነትም ከልቡ ይወድ ነበር። ሃቺንሰን ከሹመቱ እንዲነሳ የሚለምን የምክር ቤቱ አቤቱታ በእጁ ነበረ። በጃንዋሪ 29 ቀን 1774 የንጉሡ አማካሪዎች ሸንጎ ጉዳዩን ሊያይ ተቀመጠ። የሻዩ ወሬ ለንደን ገና መግባቱ ነው።

ዌደርበርን የተባለው የመንግሥት ጠበቃ አቤቱታውን ትቶ ሰውየውን ያዘ። ፍራንክሊን የሃቺንሰንን የግል ደብዳቤዎች ወደ ቦስተን ልኮ ነበርና፣ በዚያ ተነስቶ «ሌባ» እስከ ማለት አዋረደው። የ68 ዓመቱ፣ በመብረቅ ምርምሩ ዓለም ያወቀው ሰው፣ አንድ ሰዓት ያህል ፊቱን ሳይለውጥ ቆሞ ሰማ። በዙሪያው የተቀመጡት መኳንንት ይስቁና ያጨበጭቡ ነበር። አቤቱታው ተጣለ። ወዲያውም ከፖስታ ሹመቱ ተሻረ።

ፍራንክሊን ያን ቀን ደብዳቤዎቹን በመላኩ ጥፋት አልነበረበትም አልልም። ነገር ግን ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ የነፃነቱን መግለጫ ከጻፉት አምስት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። አገልጋይን በአደባባይ አዋርደህ ጠላት ማድረግ እንዴት እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም።

ለጥቂቶች ጥፋት አንድ ከተማ

ሻይ የደፉት በርካታ ሰዎች ናቸው፤ የተቀጣው ግን 15,000 ያህል ሕዝብ ያለበት ከተማ ነው። ከጁን 1774 ጀምሮ የሻዩ ዋጋ እስኪከፈል የቦስተን ወደብ ተዘጋ። የማሳቹሴትስ አስተዳደር ተለወጠ፤ የከተማ ስብሰባ ያለ አገረ ገዥው ፈቃድ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይደረግ ተከለከለ። የተከሰሰ ሹም ጉዳዩ እንግሊዝ አገር እንዲታይ ተፈቀደ። አገረ ገዥ ሆኖ የመጣው ጄኔራል ጌጅ ነው፤ ከነጦሩ።

ለንደን ያሰበችው አንዱን ቀጥቼ ሌላውን አስፈራለሁ ብላ ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከኮኔክቲከት በግ ተነድቶ መጣ፤ ከደቡብ ካሮላይና ሩዝ ተላከ። «ዛሬ ቦስተን፣ ነገ እኛ» ብሎ ሁሉም ተሳሰበ። 13ቱ ቅኝ ግዛቶች እኮ ከዚያ በፊት በድንበርና በንግድ የሚናከሱ ነበሩ! አንድ ያደረጋቸው ራሱ ቅጣቱ ነው። በሴፕቴምበር 1774 የ12ቱ ተወካዮች ፊላደልፊያ ተሰበሰቡ። ምን አደረጉ? አድማ ወሰኑ፤ አሁንም ለንጉሡ አቤቱታ ጻፉ።

«ንጉሡ አያውቅም»

እኛ አገር «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይባል የለ? እነሱም ያው ነበሩ። እስከ መጨረሻው «በደሉ የሚኒስትሮቹ ነው፤ ንጉሡ ቢያውቅ ኖሮ…» ይሉ ነበር። በኤፕሪል 19 ቀን 1775 ሌክሲንግተንና ኮንኮርድ ላይ ደም ከፈሰሰ በኋላም፣ በጁላይ ወር የመጨረሻውን አቤቱታ ለንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ላኩ። ታማኝነታቸውን ገልጸው ጣልቃ ገብቶ እንዲያስታርቅ ለመኑት። ንጉሡ ግን በኦገስት 23 «ዓመፀኞች ናቸው» ብሎ አወጀ። አቤቱታውን አልቀበልም ስላለም መልስ አይሰጥም ተባለ። ቆይቶም ከጀርመን መሳፍንት ወታደር ተከራየባቸው።

በጃንዋሪ 1776 ቶማስ ፔን የሚባል፣ ከእንግሊዝ ከመጣ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው ሰው፣ «ኮመን ሴንስ» የተባለች ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በተራ ሰው ቋንቋ፣ ጥፋቱ የንጉሡ የራሱ ነው፤ እንዲያውም ንግሥና ራሱ ነው ጥፋቱ አለ። አይታረስም የተባለውን ሰማይ አረሰው! ከ6 ወር በኋላ፣ በጁላይ 4፣ የነፃነቱ መግለጫ ጸደቀ።

ያን መግለጫ አግኝታችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል። በንጉሡ ላይ የተዘረዘሩት ክሶች በተለምዶ 27 ተብለው ይቆጠራሉ። ግብርን በቀጥታ የምታነሳው አንዷ መሥመር ብቻ ናት! ሌላው ምክር ቤት መበተን፣ ዳኞችን በደመወዝ መያዝ፣ በሰላም ጊዜ ወታደር ማስፈር፣ የአገር ሰው ዳኝነትን መንፈግ ነው። በመጨረሻም አቤት ባልን ቁጥር የተመለሰልን በደል ነው ይላል። የዛሬ ንግግሬ በሙሉ የዚህች ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው ብትሉ አልከፋም።

ነፃነት ለማን?

አሁን ያልጣፈጠውን ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ ከነበረው 2 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ከአምስቱ አንዱ ባሪያ ነበር። ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ የሚለውን ሐሳብ በወረቀት ያሰፈረው ቶማስ ጄፈርሰን በሕይወት ዘመኑ ከ600 በላይ ባሪያዎች ነበሩት። የእንግሊዙ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በ1775 ስለ ነፃነት ከሁሉ በላይ የሚጮኹት ባሪያ ነጂዎቹ መሆናቸው እንዴት ነው ብሎ ተሳልቆባቸዋል። እውነቱን ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የቨርጂኒያው አገረ ገዥ ሎርድ ደንሞር ከአመፁ ጌቶቻቸው ሸሽተው ለእንግሊዝ ለሚዋጉ ባሪያዎች ነፃነት እሰጣለሁ ሲል ብዙዎች ወደ እሱ ሮጡ። «ማን ጠየቀኝ?» የምትለው ጥያቄ የእነሱም ነበረች። መልስ ያገኘችው በ1865 ነው፤ ያውም ከሌላ ከባድ ጦርነት በኋላ። ያ የታጠረው የምዕራብ መሬት ሲከፈት ደግሞ የአገሬው ተወላጆች ከቀያቸው ተገፉ። ለንጉሡ ታማኝ የነበሩ 60,000 ያህል ሰዎችም አገር ጥለው ተሰደዱ፤ አንዳንዶቹ ሬንጅ ተቀብተው፣ ላባ ተለጥፎባቸው።

«ታዲያ ማመፅ ጥሩ ነው እያልከን ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። 8 ዓመት የፈጀ ጦርነት ነው፤ ጦርነት ደግሞ ለማንም አልተመኘሁም። እኔ የምለው የአመፅን መነሻ ፍለጋ ስንሄድ የሚጮኸውን ብቻ አንይ፤ ያልሰማውንም እንይ ነው። አባቶቻችን «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ብለዋል። ሎርድ ኖርዝና ንጉሡ ግን መጀመሪያ ሆዱን አባሱት፤ ቀጥሎ ማጭዱን ራሳቸው ሰጡት።

አንዲት ነገር ተናግሬ ልውረድ። በ1778፣ ጦርነቱ ሦስተኛ ዓመቱን ሊጨርስ ሲል፣ የእንግሊዝ ፓርላማ ቁጭ ብሎ አዲስ ሕግ አወጣ። ከእንግዲህ ለገቢ ብለን በቅኝ ግዛቶች ላይ ግብር አንጥልም የሚል ነው። ይህንኑ ይዘው የሚያስታርቁ ልዑካንም ባሕር አቋርጠው ፊላደልፊያ ድረስ መጡ። ሰዎቹ በ1765 በጨዋ ደንብ የለመኑት ይህችኑ ነበር! በ1765 ብትሰጥ ኖሮ የምትጠይቀው ቀለምና ወረቀት ብቻ ነው። በ1778 ግን የሚቀበላት ሰው አልተገኘም። ልዑካኑ እንደ መጡ ተመለሱ።